አራት ምስክር ባንድ አግዳሚ

ጡረታ ያወጣኝ ጉልበቴ ነው። ነጋዴን በክብር የሚሸኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ደብዳቤ የለ፣ የምስክር ወረቀት የለ፣ ጭብጨባ የለ። አንድ ቀን ጠዋት የባና ክምር ላነሳ ጎንበስ ብዬ በዚያው ቀረሁ። ልጄ ሙሉ መጥታ ቀና ስታደርገኝ፣ "እማዬ፣ ከዛሬ ወዲያ ሱቅ የሚባል ነገር የለም" አለችኝ። ሳምንት ያህል ተከራከርኳትና እሺ አልኩ። ደግሞስ ገዢው የታለ? ሰዉ አሁን የሚፈልገው ነብር የተሳለበትን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው። ነብሩ አቅፎት የሚያድር ይመስል።

የኔ ሥራ ባና ነበር። ለማያውቅ ልንገር፤ ባና ከመንዝ በግ ጠጉር ተፈትሎ፣ ሸማኔ ሠርቶት፣ ኋላም በሞቀ ውሃ ተነክሮ በእግር የሚረገጥ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሲረገጥ ይጠጋጋል፣ ሲጠጋጋ ብርድ አያስገባም። ይህንን ስገዛና ስሸጥ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሱቄ ሞላሌ ነው። ለገበያ መሐል ሜዳ እወጣ ነበር፤ ጠጉር ፍለጋ በጓሳ በኩል አልፌ ግሼ ድረስ በበቅሎ ሄጃለሁ፤ የጓሳ ዳር በግ ብርዱ ስለሚያስተምረው ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሁለት ዓመት ደግሞ ለአንድ የእደ ጥበብ ማኅበር ተቀጥሬ ዓለም ከተማ ላይ ባና ሸጫለሁ። ከኛ ብርድ ወርዶ ለሞቀው አገር ሰው ባና መሸጥ ምን እንደሚመስል የሸጠ ያውቀዋል። አንዱ ባናውን በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ "እታለም፣ ይህን ለብሼ ልቀቀል ነው?" አለኝ። "አትልበሰው፣ አንጥፈው" አልኩት። ሁለት ገዛ። አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር፤ ከሸጥኩት ባና የሞላሁት ቅጽ ይበዛል። ደመወዙ ከቅጹም የሳሳ ስለነበር ወደ ሞላሌዬ ተመለስኩ።

አሁን እስክሪብቶ ያነሳሁት ግን ባና ለማሞገስ አይደለም፤ ስለ ኑዛዜ ልናገር ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሳስቻለሁ። ያልተረገጠ ባና ገዝቻለሁ፣ የማይሆን ሰው አምኛለሁ። እነዚያ ሁሉ አልፈዋል። አንዱ ብቻ አላለፈም፤ እሱም አንዲትን ሴት ቤቷን ያሳጣሁበት ነው። ሴትዮዋ አስካለ ትባላለች። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት የኖረችው እዚሁ ሞላሌ፣ በሰው ቤት፣ በኪራይ ነው።

ንግዱን ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ባሌ ሞቶ ሁለት ልጆች ይዤ ሞላሌ ስገባ ከሱቃቸው ደጃፍ ላይ ጠጉር እንድቸረችር የፈቀዱልኝ እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ወንድይፍራው ባና ሲገዙ አያወሩም። ሻጩ ያወራል፤ የበጉን ዘር፣ የፈታይዋን እጅ፣ የሸማኔውን አባት ሳይቀር ይቆጥራል። እሳቸው ባናውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያዩታል። ብርሃን በነጠብጣብ ካሳለፈ በደንብ አልተረገጠም ማለት ነው። ቀጥለው ከኩባያ ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፤ ውሃው እንደ ጤዛ ከላይ ከቆመ ይቀበሉታል፣ ከሰመጠ አጥፈው ይመልሱታል። በመጨረሻ አፍንጫቸውን ይቀብሩበታል። "የሞተ በግ ጠጉር ሽታው አይለቅም፤ ዓይንሽ ቢታለል አፍንጫሽ ይነግርሻል" ይሉኝ ነበር።

ጠጉር የሚገዙት ደግሞ ነጭ ነጠላ ላይ አራግፈው ነው፤ ሚዛን እንዲደፋ አፈር የሚነሰንስ አለና። አንዴ አንድ ሰው ካመጣው ጠጉር እፍኝ ሙሉ አፈር ወረደ። ጋሽ ወንድይፍራው አፈሩን ለቃቅመው በወረቀት ጠቀለሉና፣ "እንካ፣ መሬትህን ረስተህ እንዳትሄድ" ብለው ሰጡት። ሰውዬው ዳግመኛ በዚያ በኩል አላለፈም።

ይህን ያህል የሚጠረጥሩ ሰው፣ አንድ የማይጠረጥሩት ነገር ነበራቸው፤ ቃል። የሚያውቁት ሁሉ በልባቸው እንጂ በወረቀት አልነበረም። ልጅ አልወለዱም፤ ሚስታቸውም ቀድመዋቸው አርፈዋል። ቤቱን የያዘችው አስካለ ነበረች። ገና በልጅነቷ ለሥራ ገብታ፣ ባለቤታቸው ሲታመሙ አስታማ፣ ካረፉ በኋላም እሳቸውን ይዛ ቀረች። ባና ከሸማኔ እጅ የሚመጣው በጠባቡ ነው፤ ሁለቱን አጋጥማ የምትሰፋው እሷ ነች። የእሷ ስፌት በጣት ካልተዳበሰ በዓይን አይገኝም። ደመወዝ የሚባል አታውቅም። "ስንት ይከፍሉሻል?" ስንላት፣ "ለገዛ ቤቴ ማን ይከፍለኛል?" ትለን ነበር። እሳቸውም ሰው ፊት፣ "ይህ ቤት የአስካለ ነው" ይሉ ነበር። ሞላሌ በሙሉ ሰምቷል። የሰማነው ቃል ግን አንድ ቀን ፍርድ ቤት ቢጠየቅ ምን ዋጋ እንዳለው ያሰበ አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ።

ጋሽ ወንድይፍራው አልጋ ላይ ሲውሉ ልጠይቃቸው ገባሁ። አስካለ ግቢ ውስጥ ትሰፋለች።

"ጋሽዬ፣ የአስካለን ነገር አስጽፈዋል?" አልኳቸው።

"ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ።"

"ነፍስ አባትዎ የሰማዩን ቤት ያውቁ ይሆናል፤ ይህ ቆርቆሮ ቤት የተመዘገበው ግን ማዘጋጃ ቤት ነው።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው መሐል ላይ ሳል ሆነ። "እንግዲያው ጻፊው። አንቺ መጻፍ ትችያለሽ።"

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ብዙ አልገፋሁም፤ እጄ ግን ሥርዓት ያለው ነው። ያሉትን ቃል በቃል ጻፍኩ። ቤቱ ከነዕቃው ለአስካለ፤ በቅሎዋ ለቤተ ክርስቲያን። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አሳረፍኩ። አራት ምስክር እንደሚያስፈልግ ሰምቼ ነበር። "አራት" የሚለውን በደንብ ሰምቻለሁ፤ የቀረውን አልጠየቅሁም።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። እኛ ዘንድ በቅሎ ወይም በሬ ሲሸጥ ምስክሮቹ አይሰበሰቡም፤ ወረቀቱ ነው የሚዞረው። ገዢና ሻጭ ይጨርሳሉ፣ አንዱ ወረቀቱን ይዞ ምስክሮቹ ካሉበት ካሉበት ያስፈርማል። በገበያ ቀን ሥራውን ጥሎ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ነጋዴ ከየት ይመጣል? ስንት በቅሎ በዚህ መንገድ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ችግር አልገጠመንም። እኔም ኑዛዜውን እንደ በቅሎ ወረቀት ይዤ ዞርኩ።

መጀመሪያ ገብስ ሻጩ በላቸው ጋ ደረስኩ። ቁናውን እንደያዘ፣ "ምንድን ነው?" አለኝ።

"የጋሽ ወንድይፍራው ኑዛዜ። ምስክር ሁን።"

"እሳቸው ካሉ አለቀ። የቱ ጋ ነው?" ጆንያው ላይ ዘርግቶ ፈረመ።

ጨው ነጋዴው ገዢ ስለቆመበት ሳያየኝ ፈረመ። ሸማኔው እግሩን ከመሥሪያው ጉድጓድ ሳያወጣ ፈረመ። ሥጋ ሻጩ በደም እጁ ወረቀቱን ሊይዝ ሲል ጮህኩበት፤ ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ፣ "ደግሞ ኑዛዜ ንጹሕ ነው ያለሽ ማን ነው?" አለና ፈረመ። እኩለ ቀን ሳይሆን ጨርሼ ገባሁ። የኮራሁት ኩራት! ጋሽ ወንድይፍራው ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "እንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝ" አሉ። ወር ሳይሞላ አረፉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ የወንድማቸው ልጆች ከግሼ መጡ። ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ ላወራ አልችልም፤ የአጎታቸውን ቤት ጠየቁ፣ እኛም ኑዛዜ አለ አልን። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እኔ የሚፈተሸው የሌላ ሰው ወረቀት ይመስል አዲስ ነጠላ ለብሼ ሄድኩ።

ዳኛው በላቸውን አስቀድመው ጠየቁ።

"ኑዛዜው ሲነበብ የት ነበሩ?"

"ገብስ እየሰፈርኩ ነበር፣ ክቡር ፍርድ ቤት።"

"ተናዛዡስ?"

"ቤታቸው፣ አልጋ ላይ።"

"ታዲያ ለእርስዎ ማን አነበበልዎ?"

"ኧረ ማንም አላነበበልኝም። ይህቺ ዘነበች አምጥታ ፈርም አለችኝ። ዘነበች ደግሞ አትዋሽም።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ዘነበች ላትዋሽ ትችላለች። ሕጉ የሚጠይቀው ግን የዘነበችን ጠባይ አይደለም" አሉ። የቀሩት ሦስቱም ያንኑ ተናገሩ፤ አንዱ ከጨው፣ አንዱ ከጉድጓድ፣ አንዱ ከሥጋ ጋር። ነፍስ አባታቸውም የሰሙትን መሰከሩ፤ በቃል የተነገረ ኑዛዜ ቤት እንደማያሻግር ተነገራቸው። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች አብረው ባሉበት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሁሉም እዚያው፣ ወዲያው መፈረም አለባቸው። የኔ ወረቀት ፊርማ ሞልቶታል፤ አብሮ የተቀመጠ ሰው ግን አልነበረውም። ፈረሰ።

አስካለ ከዚያ ቤት የወጣችው አንድ ሳጥንና አንድ ባና ተሸክማ ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። እሷ ሳጥኑን አስቀምጣ ትንፋሽ ወሰደችና፣ "ጽሕፈትሽ ግን ያምራል፣ ዘነቡ። ዳኛው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፉ አነበቡት" አለችኝ። ስድብ ይሁን ማጽናኛ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሳጥኑን ላግዛት እጄን ስዘረጋ ከለከለችኝ።

ወራሾቹ ቤቱን ሸጡት፤ አስካለም ተከራየች። በሰው ባና ላይ እየሰፋች የቤት ኪራይ ትከፍል ነበር። ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ስፌቷ በዓይን እየታየ መጣ። ሥራ ልሰጣት ስሞክር ትቀበላለች፤ ከሥራው በላይ የሰጠኋትን ግን ትመልሰዋለች።

ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ የኑዛዜ ነዝናዛ ሆንኩ። ባና እየለካሁ፣ "ኑዛዜ ጽፈሃል?" እላለሁ። ሰው ያማትባል። "እትዬ ዘነበች፣ ምነው በጠዋቱ ሟርት?" ይለኛል። ኑዛዜ የጻፈ ሁሉ ወዲያው የሚሞት ቢሆን ኖሮ ወራሾች ወረቀትና እስክሪብቶ በነፃ ያድሉ ነበር እላለሁ። ሌላው ደግሞ፣ "እኔ ምን አለኝና?" ይለኛል። "አንድ በግና ሁለት ልጅ ካለህ፣ ጠብ አለህ።" ይህን ስለው ይስቃል፤ ሳቁን ሳይጨርስ ግን ሁለቱን ልጆች በልቡ እያስተያያቸው እንደሆነ ፊቱ ላይ አነባለሁ።

ያሸነፍኩበትም ያልተሰማሁበትም ብዙ ነው። ከግሼ ጠጉር የሚያመጣልኝ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። በጎቹን ሰባት ቤት ለርቢ ሰጥቶ ነበር፤ ርቢ ማለት በግህን ሌላው ያረባልሃል፣ ግልገሉን ትካፈላላችሁ። የትኛው በግ ማን ቤት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። "ጻፈው" አልኩት። "ጆሯቸውን ሸርክቼ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፣ ከዚህ በላይ ጽሕፈት ምን አለ?" አለኝ። ድንገት ሞተ። ሚስቱ ቤት ለቤት ስትዞር ስድስቱ ቤት በጎቹም ሞተዋል አሏት። በግ በጌታው ሐዘን ሲሞት የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰባተኛው ሰውዬ ብቻ አራት በግ እየነዳ ደጇ ድረስ አመጣ። እንግዲህ ኑዛዜ ማለት ለማን ይሁን ማለት ብቻ አይደለም፤ የቱ ጋ ነው፣ ማን ዘንድ ነው ማለትም ጭምር ነው። የሞተ ሰው የጆሮ ምልክት አያነብም።

ሱቁን ስዘጋ ተራው የኔ ሆነ። ለሌላው ስነዘንዝ የራሴን አልጻፍኩም ነበር፤ ይህንን አልደብቅም። ሐኪም ጤና ይነሳዋል፣ ሸማኔ እራፊ ይለብሳል። ያለኝ ሱቁና ከጀርባው ያለው መኖሪያ ቤቴ ነው፤ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠጉር የማከማችባት ባለ አንድ ክፍል ቤት ነች፣ የራሷ ካርታ ያላት። ሱቁና መኖሪያው ለሁለቱ ልጆቼ። የጠጉሯን ቤት ለአስካለ ለመናዘዝ ቆረጥኩ።

ለፋሲካ ልጆቼ ሲሰበሰቡ ነገርኳቸው። ተፈራ ደብረ ብርሃን የጭነት መኪና የሚነዳው ትልቁ ልጄ ነው፤ ሙሉ እዚሁ ሞላሌ ታስተምራለች። ተፈራ የጎረሰውን ሳይውጥ፣ "እማዬ፣ ማን ለሞት ጠራሽ?" አለኝ።

"ማንም አልጠራኝም። ሳልጠራ ልጨርስ ብዬ ነው።"

"ያቺን ቤት እኮ እኔ ለጎማ ጥገና አስቤያታለሁ። መንገድ ዳር ነች።"

"ጎማ የሚተነፍሰው እዚያች ቤት ደጃፍ ላይ ብቻ ነው እንዴ? ሌላ ቦታ ጠግን።"

"እትዬ አስካለ ለኛ ምናችን ናቸው?"

ያን ጊዜ ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ይዤ እንደዞርኩ፣ በላቸው ምን እንዳለ፣ ሳጥኑን እንደከለከለችኝ። ልጆቼ ታሪኩን በገበያ አፍ ነበር የሚያውቁት፤ ከኔ አፍ ሰምተውት አያውቁም። ተፈራ ግን የኔው ልጅ ነው፣ በቀላሉ አይለቅም። "ያስወጣቸው ፍርድ ቤት ነው፣ አንቺ አይደለሽም" አለኝ።

"ፍርድ ቤቱማ ያየው ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ባታውቂ ነዋ!"

"ገብስ ስገዛ ሦስት ቦታ ዋጋ እጠይቃለሁ። ለሰው ቤት አንድ ቦታ መጠየቅ አቅቶኝ ነው አላወቅሁም የምለው?"

ሙሉ ሳህኑን እየሰበሰበች፣ "ተፌ፣ ተዋት። ይህችን ሴት የሚመልሳት የለም" አለች። እውነቷን ነው።

በማግስቱ ለአስካለ ልነግራት ሄድኩ። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ትታገላለች። ክሩን ተቀብዬ አስገባሁላትና ነገሩን ተናገርኩ። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ታለቅሳለች ብዬም ነበር።

"ስትሞቺ ነው የምትሰጪኝ?" አለችኝ።

"ኑዛዜ እንግዲህ እንደዚያ ነው።"

"እኔ እበልጥሻለሁ እኮ፣ ዘነቡ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ 'ዘነበችን አስቀድማት' ብዬ ልሳል?"

"አይ አስካል..."

"ደግሞ አንቺ እንዲህ ተጨቃጭቀሽ በቶሎ የምትሞቺ አትመስዪኝም።"

ሠላሳ ዓመት ስነግድ እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ስሌቴን ያፈረሰብኝ ሰው የለም። ሞትን አስቤ ተራውን አላሰብኩም። ከተናዛዡ ቀድሞ ያልሞተ ብቻ እንደሚወርስ አውቃለሁ፤ አሥር ጊዜ ለሰው ነግሬያለሁ። ለራሴ ግን አልታየኝም። ወደ ቤት ስመለስ ጉልበቴን ረሳሁት። ሰው ንብረቱን ሲያሰናዳ፣ መጠበቅ የሚችለውን ሰው ኑዛዜ ያስጠብቀዋል፤ መጠበቅ የማይችለውን ግን ዛሬ ነው መስጠት። ይህንን የተማርኩት ከዳኛም ከመጽሐፍም አይደለም።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። የጠጉሯን ቤት በቁሜ፣ በስጦታ ውል ለአስካለ ሰጠሁ። ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ሄደን እሷም መቀበሏን ፈረመች፤ ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ካርታው በስሟ ዞረ። ሦስት ቀን ቢሮ ለቢሮ ዞርን፤ አንዱ ጸሐፊ፣ "እማማ፣ ዝምድናችሁ ምንድን ነው?" ሲለን፣ አስካለ፣ "ፍርድ ቤት ነው ያገናኘን" አለችው። ሌላ አልጠየቀም።

ለቀረው ኑዛዜ ጻፍኩ። መጻፍ ስለምችል ሁሉንም በገዛ እጄ ጽፌ፣ ቀን ጽፌበት ብፈርም ያለ ምስክርም እንደሚጸና ሕግ የሚያውቅ ሰው ነግሮኛል። አልበቃኝም። ያኔ ዳኛው እንዳሉት፣ አራት ምስክር ይቀመጥልኝ አልኩ። ልጆቼ አይመሰክሩም፤ የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሆንም። ከሱቄ አግዳሚ አምጥቼ ግቢ ውስጥ አስቀመጥኩና አራት ሰው ጠራሁ። አንደኛው በላቸው ነው። አርጅቷል፤ ግን በገዛ ፈቃዱ መጣ። "ዛሬ ገብስ ቤት ቀርቷል" አለ ገና ሲገባ።

ያኔ የፈረመው ሸማኔ ልጅ፣ እሱም ሸማኔ ነው፣ ገና ሳይነበብ ብድግ አለ። "እትዬ፣ ድር ዘርግቼ ነው የመጣሁት፤ አንብቡና ሥራዬን ስጨርስ መጥቼ ልፈርም" አለኝ።

"ተቀመጥ።"

"ሰዉ ያምነናል እኮ፣ እዚሁ ሰፈር ነኝ።"

በላቸው ከኔ ቀድሞ በከዘራው ገታው። "ተቀመጥ ተብለሃል። አባትህ እግሩን ከጉድጓድ ሳያወጣ ፈርሞ የሰው ቤት ፈርሷል።" ልጁ ተቀመጠ። ሙሉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበች፤ ሱቁ፣ መኖሪያው፣ ለቀብሬ የሚደረገው፣ ዕድሬ፣ የቁልፎቹ ቦታ ሳይቀር። በአራቱ ፊት መነበቡ ተጻፈ፤ ቀኑ ተጻፈ፤ እኔም እነሱም እዚያው ፈረምን። አንዱ ቅጂ ለሙሉ፣ አንዱ ለተፈራ፣ ዋናው ሰነድ አረጋጋጩ መሥሪያ ቤት በአደራ ተቀመጠ። ከዚያ ምሳ አበላኋቸው። በላቸው ሲወጣ እጄን ይዞ ቆየ።

ካርታው በዞረ በሳምንቱ ተፈራ የጭነት መኪናውን ይዞ መጣ። ፊቱ አልተፈታም። ከጠጉሯ ቤት ክምሩን ብቻውን አወጣ፣ ወለሉን ጠረገ፣ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በምስማር መታ። "ይህ ቢሆን ጥሩ ጎማ ቤት ነበር" እያለ ነው የሠራው፤ ግን ሠራው። የአስካለን ሳጥን ከኪራይ ቤቷ አምጥቶ አስገባ። እሱ ሲሸከምላት አልከለከለችውም።

በሦስተኛው ቀን አስካለ ሰው ላከችብኝ። ቤቱ ገና ጠጉር ጠጉር ይሸታል። አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር አድርጋ፣ ካርታውን በላስቲክ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

"አራት ሰው ጥሪልኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"አሁን እኮ የምተወው ነገር አለኝ። ኑዛዜ ልጽፍ ነው።"

"ገና ሦስት ቀንሽ ነው እኮ፣ አስካል!"

"ጋሼም የዘገዩት ቆይ ቆይ ሲሉ ነው። አንቺ ግን አትጽፊውም፤ ሙሉ ትጻፈው።"

"ይሁን። ለማን ልትተዪው ነው?"

ላስቲኩን አስተካክላ አጠፈችው።

"ሂጂ አራቱን ጥሪ። ተቀምጠው ሲነበብ፣ አንቺም አብረሽ ትሰሚያለሽ።"